አርባ ደቂቃ

ሦስት ቀን ሠለጠንኩ፣ አዳራሽ ተቀምጬ፣
የላስቲክ ውኃ ጠጥቼ፣ ብስኩት አላምጬ፤
"የሕፃናት አእምሮ ጤና" የሚል ምስክር ወረቀት ተቀብዬ፣
አበሌን ፈርሜ፣ ኮዬ ፈጬ ተመለስኩ፣ አማካሪ ነኝ ብዬ።

ርዕሰ መምህሯ ቁልፍ ሰጡኝ፤ ክፍሉ ግምጃ ቤት ነበረ፣
እግሩ የተሰበረ ወንበር እስከ ጣራው የተከመረ፣
የአምና ፈተና ወረቀት፣ ግማሽ ጆንያ ኖራ፣
ነፍሷ የወጣ ኳስ፣ ከተበጠሰ መረብ ጋራ።
ጠረግኩት። በሩ ላይ "የምክር ክፍል" ብዬ በጠመኔ ጻፍኩ፤
ልጆቹ "አዲስ መገረፊያ ነው" ብለው ሸሹ፤ ብቻዬን ተረፍኩ።
ሁለት ሳምንት ሙሉ
እኔና አንዲት ዝንብ ተመካከርን።

በሦስተኛው፣ ሐሙስ ቀን፣ ምንተስኖት መጣ፣
ከአምስተኛ "ሐ"፤ ከዓይኖቹ ሥር ጥላ አለ፣ እንደ ቀለም የወጣ።
የሒሳብ መምህሩ በብጣሽ ወረቀት፦
"ሲጠሩት አይሰማም። ወይ ልቡ የለም፣ ወይ ጆሮው።"

በሥልጠናው መሠረት ድምፄን አለሰለስኩ፣ ጎንበስ አልኩ፤
"ምን ይሰማሃል?"
ዝም።
የፊት ሥዕሎቹን ዘረጋሁ፤ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣
የተቆጣ፣ የፈራ፣ ምንም ያልመሰለው።
"አንተ የትኛው ነህ?"
አየ። ደግሞ አየ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም አየ።
"የሚተኛ የለም?" አለኝ።

የለም። አምስት ፊት ነው የሰጡን፤
ዓይኑን የጨፈነ አንድም የለም።

ወንበር ከወንበር ገጠምኩ፣ ሹራቤን አጥፌ አቀበልኩት፤
ተኛ። እንዴት ያለ መተኛት!
ባሕር እንደ ወረደ ድንጋይ፣ አፉ ገርበብ ብሎ፣
የጫማው ክር ሳይፈታ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር አውሎ።

እኔስ ምን ልሥራ? ቅጹን ሞላሁ።
የተሰጠ አገልግሎት፦ ምክር።
የወሰደው ጊዜ፦ አርባ ደቂቃ።
ችግሩ ተፈቷል፣ አልተፈታም፦
እስክሪብቶዬ እዚያ ሳጥን አፍ ላይ ቆመ።

ነገሩን ቆይቼ ነው የሰማሁት፣ ቁራጭ በቁራጭ።
እናቱ ቂሊንጦ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ፤
አሥራ ሁለት ተኩል ሲል ሰርቪሱ ይወስዳታል።
ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፤ የበሩ ቁልፍ ሰኔ ላይ ተሰብሮ ቀርቷል።
ሶልያና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ነፋስ በሩን በነቀነቀ ቁጥር ትባንናለች።
እሱ ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ
ጎህ እስኪቀድ ቁጭ ይላል።
"ወንዱ እኔ ነኛ" አለኝ።
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ጀመር። ግን ቸርኬው አለ፣
መስኮታችን አጠገብ፣ ግራር ላይ የተንጠለጠለ፤
ሲመታ ሙት ይቀሰቅሳል።
ልጁ "ሶልዬ!" ብሎ ይነሣል፣
በሩን በሁለት እጁ ይፈልጋል።

ጋሽ ቶሎሳ ይህን በመስኮት አየ።
ሥልጠና አልወሰደም፤ ምንም አልጠየቀኝም።
ዛሬ ዘብ የሚቆምበት ግቢ ድሮ ጤፍ ያጭድበት ነበር፤
ከዚህ ሌላ ስለ እሱ የማውቀው የለም።
በሚቀጥለው ሐሙስ ቸርኬው አልጮኸም።
የዘብ ካፖርቱን አልብሶት
ክፍል ለክፍል ይዞራል፣ በር በር ላይ በጣቱ፣
"አለቀ... አለቀ" እያለ፣
ቤተኛ እንዳልሆነ ሰው በቀስታ።

ርዕሰ መምህሯ "ደወሉስ?" አሉኝ።
"ተበላሽቷል" አልኩ።
ብረት እንዴት ይበላሻል አላሉም።
ግራሩን አዩና፣ ካፖርቱን አዩና፣ ወደ ቢሮአቸው ገቡ።

አሁን ሌሎችም ይመጣሉ። ወሬ ደርሷቸዋል፣
"መገረፊያ አይደለም፣ እንቅልፍ ይሰጣል" ተባብለዋል።
አንዳንዶቹ ያወራሉ፤ አንዷ ኳሷን ብቻ ታቅፋለች።
የተሰበሩትን ወንበሮች ጋሽ ቶሎሳ በሽቦ እያሰረ
አንድ በአንድ ያቆማቸዋል፤ ያነክሳሉ፣ ግን ይሸከማሉ።

እናትየው አሁንም ሌሊት ናት። በሩም እንደዚያው ነው፤
ከደሞዜ ቁልፍ ልገዛ አስቤ፣ ሁለት ወር አስቤ ብቻ ቀረሁ።

ትናንት ቅጼ ከክፍለ ከተማ ተመለሰ፣
በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት፦
"ያልተሞላ ሳጥን አለ።"

አለ።